ኤ ዲ ኤልን ቢተዉም ሥራውን አይተዉት

ይድረስ ለአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ዳይሬክተር፣ ለክቡር አቶ ካሽ ፓቴል

ኦሪገን የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። በአማርኛ የምጽፈው ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። መቼም ቢሮዎ ተርጓሚ አያጣም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ2025 ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ኤፍ ቢ አይ የአይሁድ ጥላቻን ከሚታገለው ድርጅት ከአንቲ ዲፋሜሽን ሊግ፣ ማለትም ለመርማሪዎቻችሁ ሥልጠና ይሰጥ ከነበረው ከኤ ዲ ኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት ማቋረጡን አስታወቁ። በዚያው ሳምንት የሲቪል መብት ተሟጋቹን ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተርንም አሰናበቱ። ወግ አጥባቂዎች በሁለቱ ድርጅቶች ላይ የነበራቸውን ቁጣ አውቃለሁ። በዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ግን ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለኝ ሙሉጌታ ስራው ነው።

ሙሉጌታ ለትምህርት እዚሁ ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ከተማ የመጣ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ ወጣት ነበር። ኖቬምበር 1988 ሌሊት ላይ ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ድረስ ሸኙት። እዚያው መንገድ ላይ ሦስት ስኪንሄዶች፣ ማለትም ፀጉራቸውን የተላጩ የነጭ ዘረኛ ወጣቶች ገጠሟቸው። አንደኛው በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መታው። ሙሉጌታ ሞተ፤ ልጁም ያለ አባት ቀረ።

ገዳዮቹ ታሰሩ። ወጣቶቹን በጥላቻ የሚኮተኩተው ቶም ሜዝገር ግን ካሊፎርኒያ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ጥቁሮችን ሲያሳድድ የኖረው የኩ ክለክስ ክላን ቡድን የቀድሞ አለቃ ነው። ፖርትላንድ ድረስ ሰው ልኮ ስኪንሄዶቹን ያደራጀው እሱ ነው። ዱላውን በእጁ ስላልያዘ በነፍስ ግድያ የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ አልነበረም። ታዲያ ማን ጠየቀው? እርስዎ ያሰናበቷቸው ሁለቱ ድርጅቶች! የቤተሰቡን ጉዳይ ይዘው በፍትሐ ብሔር ከሰሱት። በ1990 የፖርትላንድ ዳኝነት ጉባኤ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ከዚያ ውስጥ የተሰበሰበው ጥቂት ነው። ሜዝገር ግን ቤቱን አጣ፤ የሚመራው የዘረኞች ድርጅትም እንደ በፊቱ አልሆነም።

ኤ ዲ ኤል ለአይሁዶች ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ኦርቶዶክስ አገር ሰው ምን አስጨነቀው? መነሻው እርግጥ የአይሁዶች መከራ ነው። በ1913 ሊዮ ፍራንክ የሚባል አይሁዳዊ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ አትላንታ ውስጥ ሠራተኛ ልጅ ገድለሃል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። በችሎቱ ዙሪያ ሕዝቡ በአይሁድ ጥላቻ ይጮህ ነበር። በዚያው ዓመት ሲግመንድ ሊቪንግስተን የተባለ ጠበቃ ብናይ ብሪት በተባለ የአይሁዶች ማኅበር ሥር ቺካጎ ላይ ድርጅቱን መሠረተ። በ1915 አገረ ገዢው ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሲያቀሉለት፣ ሰዎች ፍራንክን ከእስር ቤት አውጥተው ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ጆርጂያ ምሕረት ያደረገችለት በ1986 ነው። የድርጅቱ ዓላማ ግን ገና ሲቋቋም በአይሁዶች ላይ አልቆመም፤ ለሰው ሁሉ ፍትሕ ይላል።

ኤ ዲ ኤልን እንደ ጻድቅ እያቀረብኩልዎ አይደለም። በ1993 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የድርጅቱ መረጃ ሰብሳቢ የፀረ አፓርታይድ ታጋዮችን ሳይቀር ሲሰልል መቆየቱ ሲወጣ ጉድ ተባለ። ዛሬም እስራኤልን መተቸትና አይሁዶችን መጥላት በድርጅቱ ዘንድ ይምታታሉ የሚሉ ብዙ አይሁዶች አሉ። እኔም አንዳንዴ እንደዚያ ይሰማኛል።

ቢሆንም በጥላቻ ወንጀል ላይ እጃችሁ ላይ ካለው ሥራ ከፊሉ ከዚያ ቤት የተነሣ ነው። ኤ ዲ ኤል በ1981 የጥላቻ ወንጀልን ቅጣት የሚያከብድ የሞዴል ሕግ አረቀቀ፤ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ተከተሉት። የጥላቻ ወንጀል እንዲቆጠር የሚያዘው የ1990 ሕግ እንዲወጣም ተሟግቷል። ቆጠራው የተሰጠው ለእናንተ ነው። በ2023 ራሳችሁ ካወጣችሁት ቁጥር ውስጥ 1,832 ድርጊቶች በአይሁዶች ላይ የተፈጸሙ ናቸው። ጥቁሮች ላይ የተፈጸመው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። እኛ ደግሞ መንገድ ላይ ስንታይ ጥቁሮች ነን። ለዚያ ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ።

አንድ ድክመት አለ። የአካባቢ ፖሊስ ቁጥሩን ለእናንተ የሚልከው በፈቃዱ ነው። ትልልቅ ከተሞች ሳይቀሩ ዜሮ ብለው የሚልኩበት ጊዜ አለ። ፖሊሱ የጥላቻን ምልክት ካልተማረ ተራ ጠብ ብሎ ይመዘግበዋል። የሙሉጌታም ነገር በመንገድ ላይ በተነሣ ጠብ ነው የጀመረው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው። ኤ ዲ ኤል ይሰጥ የነበረውን ሥልጠና አሁን ማን እንደሚሰጥ በይፋ ይንገሩን። ማንም ከሌለ እሱንም ይንገሩን። ዜሮ እያሉ የሚልኩትን የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ለምን ብለው ይጠይቁ። አንድ ኢትዮጵያዊ ሾፌር ወይም አንድ ምኩራብ ጠባቂ ዛቻ ደረሰብኝ ብሎ ሲደውል የፖለቲካው ጠብ ሳይነካው የሚያናግረው መርማሪ ይመድቡ። መልሱን በእንግሊዝኛ ቢልኩልኝ ግድ የለም፤ እኔ ራሴ ተርጉሜ ለወገኖቼ አደርሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኦሪገን ነዋሪ