በመናፈሻ ለሚቆሙ መልሕቆች ታሪክና ጥበቃ ይደረግላቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በሕዝብ መናፈሻዎች ስለሚቆሙ ጥንታዊ የመርከብ መልሕቆች ሐሳቤን ለአንባቢያን ለማካፈል እወዳለሁ። ብዙዎቹ ጥቁር ቀለም ተቀብተው በኮንክሪት መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ የየትኛው መርከብ እንደ ነበሩ፣ ከየትኛው ባሕር እንደ ወጡ የሚገልጽ ጽሑፍ ግን አጠገባቸው አይገኝም። ይህ ከልብ ያሳዝነኛል።

እ.ኤ.አ. በ1898 ሃቫና ወደብ ላይ ፈንድታ ከ260 በላይ መርከበኞች ያለቁባት «ሜይን» የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ መልሕቅ፣ ከ1914 ጀምሮ በፔንሲልቬንያ ሬዲንግ ከተማ መናፈሻ ውስጥ ይገኛል። ማንነቱ ባይታወቅ ኖሮ ያ ሁሉ ሐዘን ከብረቱ ጋር ባልተያያዘ ነበር።

ስመ ጥር ያልሆነ መልሕቅም ቢሆን ቀረብ ብሎ ላየው ብዙ ይናገራል። ከቀለበቱ ዝቅ ብሎ የግንዱ ብረት አራት ማዕዘን ከሆነና በጎንና በጎኑ ትንንሽ ጉጦች ካሉት፣ እዚያ ላይ የእንጨት አግዳሚ ተገጥሞበት እንደ ነበር ያመለክታል። እንጨቱ በአብዛኛው በስብሶ ስለሚጠፋ ጎብኚው የሚያየው ጎደሎ መልሕቅ ነው። አግዳሚው ከታች ካሉት ክንዶች ጋር መስቀለኛ ሆኖ ስለሚገጠም፣ ገመዱ ሲወጠር እሱ በባሕሩ ወለል ላይ ይጋደምና ከሁለቱ ክንዶች አንዱ መሬቱን እንዲነክስ ያደርጋል። በ19ኛው መቶ ዘመን እንጨቱ በብረት፣ ገመዱም በሰንሰለት እየተተካ ስለ ሄደ፣ እነዚያ ጉጦች ዕድሜውን ለመገመት ይረዳሉ፤ በየጊዜው የሚደራረበው ቀለም ግን ይደፍናቸዋል።

ቀለሙ ከዝገት ያድናል የሚሉ አሉ። ሆኖም ለረጅም ዘመን በባሕር ውስጥ የኖረ ብረት ጨው ዘልቆት ስለሚወጣ፣ አየርና እርጥበት ሲያገኘው በውስጡ የቀረው ክሎራይድ የተባለው የጨው ክፍል ዝገቱን ያፋጥነዋል፤ ብረቱም ከቀለሙ ሥር እየተሰነጠቀ በንብርብር ይላጣል። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ይህን ለመከላከል ብረቱን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በተባለ ኬሚካል ሙሙት ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት እየሰደዱበት ጨውን ቀስ በቀስ ያስወጡታል፤ ለትልቅ መልሕቅ ሥራው ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ መናፈሻዎችን የሚያስተዳድሩ አካላት የርክክብ ደብዳቤዎችንና የወደብ መዛግብትን አገላብጠው የእያንዳንዱን መልሕቅ ታሪክ በሰሌዳ እንዲያሰፍሩ፣ ቀለም ከማስቀባታቸው በፊትም ባለሙያ እንዲያማክሩ እጠይቃለሁ። አዲስ መልሕቅ ከባሕር ለማውጣት የሚያስቡ ወገኖች ደግሞ የዩኔስኮ የ2001 (እ.ኤ.አ.) የውኃ ውስጥ ባህላዊ ቅርስ ስምምነት ቅርሱን ባለበት ማቆየት በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው አማራጭ መሆኑን እንደሚደነግግ ያስታውሱ፤ ማውጣቱ የግድ ከሆነም ለጨው ማስወገጃው ሥራ የሚሆነው ገንዘብ ክሬኑ ከመከራየቱ በፊት የተመደበ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣው አንባቢ