የሸክላ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከሬዲዮ የተረፈ ሳቅ

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የሸክላ ክበብ ዘንድሮ የሰበሰበው የዘፈን ሸክላ አይደለም። ከቴሌቪዥን በፊት የአሜሪካን ቤተሰብ ሬዲዮ ዙሪያ ያሰባስቡ የነበሩ የቀልድ ዝግጅቶች የተቀረጹባቸውን፣ ለጣቢያዎች እንጂ ለገበያ ያልተሠሩ ትልልቅ ሸክላዎችን ነው። ስፋታቸው 16 ኢንች ስለሆነ ተራ ማጫወቻ አይችላቸውም። ባለ ረጅም ክንድ ማጫወቻ ያዋሱንን ወላጅ ከልብ እናመሰግናለን።

አንዱ ገጽ 15 ደቂቃ ያህል ይይዛል። ተማሪዎቹን ያስገረማቸው፣ በአንዳንዱ ሸክላ ላይ መርፌው ከመሃል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ መሄዱ ነው። ድምፅ ጠርዝ ላይ ጥርት ይላል፤ ወደ መሃል ሲጠጋ ይደበዝዛል። አንዱ ገጽ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ተከታዩ ከውስጥ ወደ ውጭ ከተቀረጸ ግን ጣቢያው ከሸክላ ወደ ሸክላ ሲሻገር አድማጭ ልዩነቱን አያውቅም። እንዲህ ያለ ብልሃት ሳይ እደሰታለሁ።

የአሜሪካ ሬዲዮ ኔትወርኮች የሆኑት ኤንቢሲና ሲቢኤስ እስከ 1940ዎቹ ማብቂያ ድረስ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዋና ዋና ዝግጅቶቻቸውን የሚያስተላልፉት በቀጥታ ነበር። ሸክላው ለመዝገብ፣ ለማስታወቂያ ከፋዩ ማስረጃ፣ ወይም ባሕር ማዶ ላሉ ወታደሮች የሚላክ ቅጂ ነበር። እኛ ያገኘናቸው አብዛኞቹ የወታደሮቹ ናቸው። በእነዚህ ላይ ማስታወቂያው ተቆርጦ ወጥቷል፤ ይህ ይቆጨኛል። በቀልደኛው በጃክ ቤኒ ዝግጅት ማስታወቂያው ራሱ ቀልድ ነበርና። ከ1946 ጀምሮ አራት ዘፋኞች የማስታወቂያ ከፋዩን ሲጋራ ውዳሴ በታወቀ ዜማ እየገጠሙ ቤኒን ያበሽቁት ነበር። ይህንን ለመስማት የኔትወርኩን ቅጂ መፈለግ ግድ ይላል።

የዓመቱ ምርጥ ማዳመጣችን የማርች 28 ቀን 1948 ዝግጅት ነው። ቤኒ የሚጫወተው ቋጣሪ ሰው ነው። ሌባ ጨለማ ውስጥ አስቁሞት «ገንዘብህን ወይስ ሕይወትህን?» ይለዋል። ዝምታ ይሆናል። ሌባው ቸኩሎ ሲደግምለት ቤኒ «እያሰብኩበት ነው!» ይላል። ልጆቹ ከመልሱ በፊት፣ በዝምታው ውስጥ መሳቅ ጀመሩ። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የነበረውም ሕዝብ እንዲሁ አድርጓል። ድምፅ ብቻ ባለበት መድረክ ዝም ብሎ ማሳቅ ከቤኒ በቀር ስንቱ ይደፍረዋል?

ከባዱንም ጉዳይ አልዘለልነውም። ቀልድን በሸክላ ቀርጾ ለየጣቢያው የማከፋፈልን መንገድ በ1928 የከፈተው «ኤሞስ ኤንድ አንዲ» የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ነው። ጥቁሮቹን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ግን ፍሪማን ጎስደንና ቻርልስ ኮረል የተባሉ ነጮች ነበሩ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ይህን ለምን እናስቀምጠዋለን፣ መምህር?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ጥቁሩ ተዋናይ ኤዲ አንደርሰን ከምን ዓይነት ዘመን ጋር እንደታገለ የሚገባን ያንን ከሰማን ብቻ ነው አልኳት። አንደርሰን ከ1937 ጀምሮ የቤኒን አገልጋይ ሮቸስተርን ተጫውቷል። ሚናው የአገልጋይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቁሮችን የሚያንቋሽሹ ቀልዶችም ነበሩበት። ቢሆንም ጌታውን በአንደበቱ የሚረታው፣ ትልቁን ሳቅ የሚያገኘው እሱ ነበር። ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ። ሁለቱም ወገኖች የጻፉትን በክፍሉ ሰሌዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ ወላጆች እንዲያነቡት እጋብዛለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት አረጋውያንን ማነጋገር እንጀምራለን። አሥመራ የነበረው ቃኘው የተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የራሱ ሬዲዮ ጣቢያ ስለነበረው፣ እዚያ ያደጉ ወላጆችና አያቶች ምን እንደሰሙ ልጆቹ ይጠይቃሉ።

ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ትልቅ ሸክላ ቢገኝ አትጣሉት። አሉሚኒየም ላይ ላከር የተባለ ቅብ የተቀባው ዓይነት ሲያረጅ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሉሚኒየም ለአውሮፕላን ስለተፈለገ በመስታወት ላይ የተሠራም አለ፣ እሱ ቶሎ ይሰበራል። ዱቄቱን አትጠቡት፣ ሸክላውን ጠርዙን ይዛችሁ አቁማችሁ አስቀምጡና ለክበቡ ንገሩን።