ቡድን እየቀያየረ ስለሚኖረው ካቸር

ይድረስ ለውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንዴት ነዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «ያ በአሜሪካ ቤዝቦል ጭምብል አጥልቆ፣ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልበው ሰውዬ በየዓመቱ ማልያ የሚቀይረው ሰነፍ ቢሆን ነው?» ብለውኝ ነበር። በስልክ ስለማይዘለቅ ጻፍኩልዎ። ሰውዬው ካቸር ይባላል፤ ሰነፍስ አይደለም።

ተጠባባቂ በረኛን ያስቡ። በአንድ ቡድን 26 ተጫዋቾች መካከል ካቸር አብዛኛውን ጊዜ 2 ብቻ ነው። አንዱ ሲጎዳ ሌላ ቦታ የለመደ ሰው አምጥቶ ጭምብል ማልበስ አይሆንም። ስለዚህ ሦስተኛው ታች፣ ትሪፕል ኤ በሚባለው ሊግ፣ የስልክ ጥሪ ይጠብቃል። ኤሪክ ክራትዝ እንዲህ ነው የኖረው። የቶሮንቶ ክለብ በፈረንጆቹ 2002 በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በ29ኛው ዙር መረጠው፤ ዋናውን ሊግ የረገጠው ግን በ2010 ከፒትስበርግ ጋር ነው፣ 30 ዓመት ሞልቶት። ከዚያ እስከ 2020 ድረስ የ9 ቡድኖችን ማልያ ለብሷል። በ2018 ከሚልዋኪ ጋር ለጥሎ ማለፍ ሲደርስ 38 ዓመቱ ነበር።

ማልያ የሚያስቀይረው ደንቡ ነው። ክለቡ በ40 ሰዎች መዝገቡ ያስገባውን ተጫዋች እንደልቡ ወደ ታች መላክ የሚችለው በ3 የውድድር ዓመታት ብቻ ነው። እነሱ ካለቁ፣ ሊያወርደው ሲፈልግ መጀመሪያ ሌሎቹ ክለቦች እንዲወስዱት ዕድል መስጠት አለበት። ከመዝገቡ የወጣ ሰው ጉዳይ በ7 ቀን ይዘጋል፦ ለሌላ ክለብ ይተላለፋል፣ ይሰናበታል፣ ወይም ማንም ካልፈለገው ይወርዳል። ቀድሞ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ የወረደ ከሆነ እምቢ ብሎ መሄድ ይችላል። ባለትዳር ሰው በዚህ ኑሮ የቤት ኪራይ ውል እንዴት እንደሚፈርም እኔን አይጠይቁኝ።

ታዲያ ለምን አይተወውም? የዋናው ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 760,000 ዶላር ነበር፤ የሚከፈለውም በቀን ተሰልቶ ነው፣ በቀን ከ4,000 ዶላር በላይ። በ2023 በተፈረመው ስምምነት የትሪፕል ኤ መነሻ በዓመት 35,800 ዶላር ነው። በዋናው ሊግ ሁለት ሳምንት መቆየት የታችኛውን የዓመት ደመወዝ ይበልጣል ማለት ነው። እዚያ ያሳለፋቸው ቀናት ተደምረው 43 ሲሞሉ ደግሞ ጡረታ ያገኛል።

ክለቦቹ የሚፈልጉት ኳስ በበትር ስለሚመታ አይደለም። አዲስ ቡድን ሲደርስ እስከ 13 ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ይጠብቁታል፤ የእያንዳንዱን ኳስ አቅጣጫ፣ ሲጨነቅ የቱን ውርወራ እንደሚያምን፣ ሲደክም ክርኑ እንዴት እንደሚወርድ በአንድ ሁለት ቀን ማወቅ አለበት። ይህን ቶሎ የሚይዝ ሰው የትም ቢሄድ ሥራ አያጣም።

ቤዝ ሲሰረቅ፣ ማለትም ሯጩ ፒቸሩ ሲወረውር ወደ ቀጣዩ ማረፊያ ሲሮጥ፣ ደግሞ ሂሳቡን ይዩት። ፒቸሩ ኳሷን ለማድረስ 1.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ካቸሩ ተቀብሎ፣ ከጓንቱ አውጥቶ፣ 38.8 ሜትር ርቆ ወዳለው ሁለተኛ ቤዝ ለማድረስ 2 ሰከንድ ያህል። ሯጩ 3.4 አካባቢ ይፈልጋል። ፒቸሩ እግሩን አንስቶ 1.5 ካባከነ የካቸሩ ክንድ ምንም ቢጠነክር አይደርስም፤ ተመልካቹ ግን የሚወቅሰው እሱን ነው። ጣቶቹ ስፌቱን አቋርጠው ካልያዙም ኳሷ ወደ ጎን ትሸሻለች።

መሬት የምትነካ ኳስ ስትመጣ ሊቀልባት አይሞክርም። በጉልበቱ ይወድቃል፣ ጓንቱን በእግሮቹ መሃል ይተክላል፣ አገጩን ደረቱ ላይ ይደፋል፣ ትከሻውን ወደ ፊት ያጎብጣል። ደረቱን ቀጥ ካደረገ ኳሷ ነጥራ ትርቃለች፣ ሯጩም ያልፋል። የሚወረውርበትን እጅ ከኋላው ይደብቃል፤ ከመቺው በትር የተፈናጠረች ኳስ ጣት ትሰብራለች። ጭምብሉ ላይ ስታርፍ ደግሞ አንጎል ታናውጣለች፤ ሊጉ ለዚህ ብቻ የተለየ የ7 ቀን የጉዳት መዝገብ አለው። ከእነዚህ ጉዳቶች አንዱ በተከሰተ ቁጥር ትሪፕል ኤ ላለው ሰው ስልክ ይደወላል፤ እንጀራው ከባልደረባው ጉዳት ጋር መያያዙ ትንሽ ይከብዳል።

ሥራው አሁን እየተለወጠ ነው። ጓንቱን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ በመሳብ ዳኛውን «ስትራይክ» (ልክ የሆነ ውርወራ) ማሰኘት ትልቅ ሙያ ነበር። ከ2026 ጀምሮ ግን ቡድኑ የዳኛውን ውሳኔ በካሜራ ማስመርመር ይችላል፣ በ2 ዕድል ይጀምራል፤ መጠየቅ የሚችሉትም መቺው፣ ፒቸሩና ካቸሩ ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ደግሞ በእኔ ግምት ኳሷን በደንብ የሚያያት ካቸሩ ነው።

ብዙዎቹ ጉልበታቸው ሲያልቅ አሰልጣኝ ይሆናሉ። ብሩስ ቦቺ ተጠባባቂ ካቸር ነበር፤ በአሰልጣኝነት 4 ጊዜ ዋንጫ ወሰደ። ስቲቨን ቮግት በዋናው ሊግ የመጀመሪያዎቹን 32 ሙከራዎች ሳይመታ ያለፈ ሰው ነው፤ በ2024 ክሊቭላንድን ይዞ ከዋናው ሊግ ሁለት ክፍሎች የአንዱ፣ የአሜሪካን ሊግ፣ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ።

የማታው ጨዋታ በእርስዎ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስለሆነ እሱን ይተዉት። የእሁድ ቀን ጨዋታ ግን ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀምራል። ዋናው ካቸር ቅዳሜ ማታ ከተጫወተ እሁድ ብዙ ጊዜ ያሳርፉታል፤ የሚያዩት ሰው ያ ተጠባባቂው ነው።

ልጅዎ