መዳቡ የመጣው ከማዕዳችን ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጤና አምዳችሁ እርሳስ (ሊድ) ስላለበት ቀለምና ስለ አሮጌ ባትሪ የጻፋችሁትን አንብቤያለሁ። ጥሩ ነው። ግን መርዝ ሁልጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣ አስመሰላችሁት። እኛ ቤት የገባው መዳብ ነው፤ የገባውም በሽሮና በምስር።

ታናሽ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። በ19 ዓመቱ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል። ሰፈርተኛው ጠጪ ነው አለው፤ እሱ እንኳን አረቄ ጠላም አይቀምስም። ጠበል ወሰድነው። ቫይታሚን ተወጋ። አንድ ዓመት እንዲህ አለቀ። በመጨረሻ አንዲት የዓይን ሐኪም በዓይኑ ጥቁር ዳር ዙሪያ ቡናማ ቀለበት አየች። ዊልሰን የሚባለው በሽታ ሆኖ ተገኘ። ስሙ በ1912 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው የጻፈው ሐኪም ስም ነው።

መዳብ በጥቂቱ ለሁላችንም ያስፈልጋል። የተረፈውን ጉበት በሐሞት በኩል ያስወጣዋል። ለዚህ ሥራ ኤቲፒ ሰባት ቢ የሚባል ዘረመል አለ። ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን የወረሰ ሰው መዳቡ ጉበቱ ውስጥ፣ ቀጥሎም አንጎሉ ውስጥ ይከማቻል። ከአንድ ትሪ በልተን እሱ ታመመ።

እማዬ ይህን ስትሰማ «እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው!» ብላ ተቆጣች። ዝምድና ዕድሉን ይጨምረዋል እንጂ ያለዝምድናም ይገጥማል። የባሰው ሌላው ነው። ዕድሉ ከአራት አንድ ነው ሲሏት «አራት ወለድኩ፣ አንዱ ታመመ፤ በቃ ደረሰን» አለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ አለኝ። ለካ ዕጣው ለእያንዳንዳችን እንደ አዲስ ነው የሚወጣው።

ስመረመር እኔም ተገኘብኝ። 26 ዓመቴ ነው፤ ምንም አያመኝም ነበር። መዳቡ እንዲለካ የ24 ሰዓት ሽንቴን በጀሪካን ይዤ ታክሲ ስገባ ረዳቱ «ጠላ ነው?» ብሎኛል። አሁን ዚንክ እወስዳለሁ፤ መዳቡ ከአንጀት ወደ ደም እንዳያልፍ ያግዳል። ዕድሜ ልክ ነው። ዱለትንም ተሰናብቼዋለሁ፤ ጉበት መዳብ ይበዛበታል። ወንድሜ መዳቡን ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት ይውጣል። ንግግሩ ተስተካክሏል፣ መርፌው ግን ገና ነው።

ስለዚህ በሽታ ስትጽፉ «እህትና ወንድሞቹም ይመርመሩ» የምትል አንድ መስመር ጨምሩልን። ትንሿ እህታችን ተመርምራ ነፃ ወጥታለች። ታላቃችን ግን «ምን አመመኝና!» እያለ ይኸው እስከ ዛሬ አልሄደም። ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ ስለሚገዛ ነው ለእናንተ የጻፍኩት።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን