ውሉ ላይ የማይነበበው ወለድ፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

እኛ በአዳማ ከተማ የነጋዴዎችን መዝገብ የምንይዝ፣ የብድር ማመልከቻ የምናዘጋጅና የመክፈያ ሠንጠረዥ የምናሰላ የሒሳብ ባለሙያዎች ነን። ጥያቄያችን በዋናነት አንድ ነው። ማንኛውም ባንክና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም የብድሩን ሙሉ ዓመታዊ ዋጋ፣ ወለዱንም ልዩ ልዩ ክፍያውንም ደምሮ፣ ተበዳሪው ከመፈረሙ በፊት በአንድ ቁጥር ጽፎ እንዲሰጠው በመመሪያ ይገደድ። ከዚህ በታች የምናነሳቸው ሌሎች ጉዳዮች ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የማበደሪያ ወለድ ከጥር 1990 ዓ.ም. ወዲህ የሚወሰነው በባንኮቹ ነው፤ መሥሪያ ቤትዎ የሚያስቀምጠው የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ነው። ይህን አንቃወምም። ዋጋው በገበያ ይወሰን ከተባለ ግን ዋጋው መታየት አለበት። አንድ የአዳማ ነጋዴ ሦስት ባንክ ዞሮ «17»፣ «18»፣ «19 ተኩል» ተብሎ ሲመለስ የትኛው እንደሚረክስለት ማወቅ አይችልም። 17 ያለው ከሁሉም የሚወደድበት ጊዜ አለ። ምክንያቱን በቁጥር እናሳይ።

አንድ ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ለ3 ዓመት እንውሰድ። ወለዱ በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ ከሆነ ወርኃዊ ክፍያው 36,152 ብር ነው፤ በ36 ወር የሚከፈለው ወለድ ተደምሮ 301,500 ብር ገደማ ይሆናል። ይኸው 18 በመቶ በፍላት ሲሰላ ግን ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ሚሊዮን ላይ ይታሰባል። ተበዳሪው ግማሹን ዕዳ ከፍሎ እንኳ በሙሉው ላይ ወለድ ይከፍላል። ወርኃዊው 42,778 ብር፣ ጠቅላላ ወለዱ 540,000 ብር ይደርሳል። ይህን በቀሪ ዕዳ ስሌት ብንመነዝረው ዓመታዊ ወለዱ 30.6 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱም አበዳሪዎች «18 በመቶ» ብለው ማስታወቂያ ማውጣት ይችላሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ተበዳሪው የትኛው ስሌት እንደተሠራለት መለየት ከፈለገ የመክፈያ ሠንጠረዡን የመጀመሪያና የመጨረሻ መስመር ይመልከት። በቀሪ ዕዳ ስሌት የመጀመሪያው ወር ወለድ 15,000 ብር ሲሆን የ36ኛው ወር 534 ብር ብቻ ነው። በፍላት ግን ሁለቱም መስመር ላይ 15,000 ተጽፎ ያገኛል። ችግሩ ሠንጠረዡ ብዙ ጊዜ ከፊርማ በኋላ የሚሰጥ መሆኑ ነው፤ ጨርሶ የማይሰጥበትም ጊዜ አለ።

ከወለዱ ሌላ ክፍያዎች አሉ። የባንኩ መሐንዲስ ቤቱን ወይም ማሽኑን የሚገምትበት ክፍያ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ የመድን አረቦን፣ የቴምብር ቀረጥ፣ መያዣውን የማስመዝገቢያና የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ክፍያ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዳቸው ትንሽ ይመስላሉ። ሁሉም ተደምረው ለምሳሌ 35,000 ብር ከብድሩ ላይ ቢቆረጡ፣ ተበዳሪው እጅ የሚገባው 965,000 ብር ሆኖ ወለድ የሚከፍለው ግን በሚሊዮኑ ላይ ነው። በ3 ዓመት ብድር ላይ እውነተኛው ዓመታዊ ዋጋ ከ18 ወደ 20.6 በመቶ ይወጣል። እዚህ ላይ መሥሪያ ቤትዎ ልብ እንዲለው የምንፈልገው ነገር አለ። ይኸው 35,000 ብር በአንድ ዓመት ብድር ላይ ሲያርፍ ዋጋው 24.9 በመቶ ገደማ ይሆናል። ረጅም ብድር የሚያገኘው ሕንፃና ትልቅ ፋብሪካ ያለው ነው፤ የሸቀጥ መግዣ፣ የጎማና የመለዋወጫ መግዣ፣ የእህል መሸመቻ የሚፈልገው አነስተኛ ነጋዴ የሚበደረው ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ክፍያ ከማንም በላይ የሚከብደው እሱን ነው፤ ውሉ ላይ ግን ወለዱ ከትልቁ ጋር እኩል ተጽፎለታል።

ተበዳሪው ተቀማጭ እንዲያመጣ ወይም ከብድሩ የተወሰነውን ሳያወጣ እንዲያስቀምጥ የሚጠየቅበት አሠራርም አለ። ለአንድ ዓመት የተወሰደና በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚመለስ ሚሊዮን ብር ላይ 100,000 ብር በ7 በመቶ ቁጠባ ታግዶ ቢቀመጥ፣ ተበዳሪው 180,000 ወለድ ከፍሎ 7,000 ይመለስለታል። የሠራበት ገንዘብ ግን 900,000 ብር ብቻ ነው። ዋጋው 19.2 በመቶ ይሆናል። ይህም በየትኛውም ውል ላይ አይነበብም።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳው ግን ወለዱ በመሐል ሲለወጥ ነው። አብዛኛው የብድር ውል ባንኩ ወለዱን በማናቸውም ጊዜ ሊያሻሽል እንደሚችል የሚናገር አንቀጽ አለው። ባንኩ ራሱ ገንዘብ ሲወደድበት ይህን ማድረጉ አይገርምም። የሚጎዳው አፈጻጸሙ ነው። ቀደም ብለን ባነሳነው የ3 ዓመት ብድር ላይ ወለዱ ከ12ኛው ክፍያ በኋላ ከ18 ወደ 21 በመቶ ከፍ አለ እንበል። ቀሪው ዕዳ 724,100 ብር ገደማ ነው፤ በአዲሱ ወለድ ወርኃዊው ከ36,152 ወደ 37,211 ብር መውጣት ነበረበት። ማስታወቂያው ካልደረሰውና ተበዳሪው የለመደውን 36,152 መክፈሉን ከቀጠለ በየወሩ 1,059 ብር ይጎድላል፤ ያ ጉድለት ራሱ ወለድ ይወልዳል። 36ኛውን ወር ከፍሎ ክሊራንስ (ዕዳውን መጨረሱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ) እና ካርታውን ሊወስድ ሲሄድ 31,000 ብር ገደማ ቀሪ ዕዳ አለብህ ይባላል። አንድ ወር ሳያዛንፍ ለከፈለ ሰው ይህ ዱብ ዕዳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የተያዘ ንብረትን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ክርክር በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ይህን ያህል ሥልጣን የተሰጠው አበዳሪ፣ ወለድ ሲለውጥ አዲስ ሠንጠረዥ አትሞ ለተበዳሪው ማስፈረም አይከብደውም።

ባንኮች ለሚጠይቁት ወለድ ምክንያት እንዳላቸው እናውቃለን፤ ሁሉንም በእነሱ ላይ መደፍደፍ ፍትሐዊ አይደለም። ከተቀማጩ ላይ ያለ ወለድ የሚቀመጥ መጠባበቂያ አለ፣ የቅርንጫፍ ወጪ አለ፣ የማይመለስ ብድር አለ። የመንግሥት ድርሻም አለበት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 20 በመቶውን ያህል የ5 ዓመት የግምጃ ቤት ሰነድ (ለመንግሥት ገንዘብ የሚያበድሩበት ሰነድ) በ9 በመቶ እንዲገዙ ተደርጎ ነበር። 100 ብር ሲያበድሩ 20 ብር ሰነድ መግዛት ነበረባቸው ማለት ነው። ባንኩ ካሰማራው 120 ብር በአማካይ 16 በመቶ ማግኘት ካለበት 19.20 ብር ያስፈልገዋል፤ ሰነዱ 1.80 ብር ብቻ ስለሚሰጥ ቀሪውን 17.40 ብር የሚሞላው ተበዳሪው ነው። በዚህ ስሌት ወደ አንድ ተኩል በመቶ የሚጠጋው ወለድ የመጣው ከመመሪያው ነው። ሰነዶቹ የ5 ዓመት ዕድሜ ስላላቸው ሸክሙ በአንድ ሌሊት የሚወርድ አይደለም። ይህም ቢሆን ሕዝቡ ቢያውቀው ይበጃል፤ ቅርንጫፍ ላይ ያለ የብድር ሠራተኛ የማይመለከተውን ወቀሳ እየተቀበለ ነው።

ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳያሳድጉ የሚገድበው የብድር ዕድገት ጣሪያ የዋጋ ንረትን ለማርገብ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በ14 በመቶ ተጀምሮ ኋላ ከፍ እየተደረገ መጥቷል። ዓላማውን እንደግፋለን፤ በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ የማንም ነጋዴ ካፒታል ባለበት መቆየት አልቻለም። ነገር ግን ጣሪያ ሲኖር ወለድ ብድርን ማደላደሉ ይቀርና ወረፋ ይተካዋል፤ ወረፋው ደግሞ ወቅት አያውቅም። የአዳማ ዱቄት ፋብሪካ የአርሲንና የባሌን ስንዴ መሸመት ያለበት ምርት በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ነው። በመስከረም የጠየቀው ብድር ሰነዱ ተሟልቶ፣ መያዣው ተገምቶ፣ «ኮታ አልተለቀቀም» በሚል ዋናው መሥሪያ ቤት ቆይቶ በመጋቢት ቢለቀቅ ስንዴው ወደ ነጋዴ መጋዘን ገብቶ ዋጋው ተሰቅሏል። ወለዱ ርካሽ ቢሆን እንኳ ብድሩ ውድ ሆነ ማለት ነው። ጣሪያው እስካለ ድረስ ባንኮች የሩብ ዓመት ኮታቸውን ሲያደላድሉ የመኸር ግዢን ወቅት እንዲያስቡ መሥሪያ ቤትዎ ቢያሳስብ ብዙ ይረዳል።

አሁን ወደ ቆጣቢው እንምጣ። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ። ንረቱ 30 በመቶ በሆነበት ዓመት 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 ብር አገኘ፤ በ100,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130,000 ሆኖ ጠበቀው። የገንዘቡ የመግዛት አቅም ወደ 82,300 ብር ወርዷል። ንረቱ ከዚያ ወዲህ መቀነሱ መልካም ነው። ሆኖም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መሥሪያ ቤትዎ የፖሊሲ ወለድን (ከባንኮች ጋር ሲያበድርና ሲበደር መነሻ የሚያደርገውን ወለድ) በ15 በመቶ ሲጀምር፣ ባንኮች ትርፍ ገንዘባቸውን ለአንድ ሌሊት እርስዎ ዘንድ ሲያስቀምጡ የሚያገኙት በ12 በመቶ ተተመነ። ከቆጣቢው በ7 የተሰበሰበ ብር አንድ ተበዳሪ ሳይነካው በ12 ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው። ትልቅ ገንዘብ ያለው ድርጅት በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ተደራድሮ የተሻለ ያገኛል፤ የሚደራደርበት አቅም የሌለው የገበያ ሴት፣ ጡረተኛውና ደሞዝተኛው 7 ላይ ቀርተዋል። ዝቅተኛው ወለድ ነገውኑ ይሰቀል አንልም፤ በአንድ ጊዜ ቢሰቀል ጭማሪው ወደ ተበዳሪው መተላለፉ አይቀርም። የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው በተሰበሰበ ቁጥር ግን ይህን ወለድ መርምሮ ለምን እንዳለ እንደተወው ወይም ለምን እንደለወጠው በመግለጫው ይጻፍ።

የቁጠባ ወለድ የሚሰላበት መንገድም ትኩረት ይፈልጋል። አንድ ነጋዴ 300,000 ብር 29 ቀን አስቀምጦ አንድ ቀን ብቻ ወደ 20,000 ብር ዝቅ ቢል፣ ወለዱ በየዕለቱ ቀሪ ላይ ከታሰበ በ7 በመቶ ለወሩ 1,696 ብር ያገኛል። በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ ላይ ከታሰበ 117 ብር ብቻ። ዕለታዊው ስሌት ለሁሉም ባንክ አንድ ወጥ ግዴታ ይሁን፤ ባንኮች ኮምፒውተራቸው ላይ ማስተካከል የሚችሉት ነገር ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄያችን ስንመለስ፣ መሥሪያ ቤትዎ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አለው፤ ግልጽነት በመርህ ደረጃ ተቀምጧል። የሚያስፈልገው ሁሉም አበዳሪ የሚሞላው አንድ ዓይነት ቅጽና አንድ ዓይነት ስሌት ነው። ቅጹ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ እንመርጣለን፤ እዚህ ከተማ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መዘጋጀት አለበት። በላዩ ላይ ተበዳሪው እጅ በትክክል የሚገባው ብር፣ የሚቆረጠው እያንዳንዱ ክፍያ ከነስሙ፣ ወርኃዊ ክፍያው፣ እስከ መጨረሻው የሚከፍለው ድምር፣ የቅጣት ወለዱ፣ ብድሩን ቀድሞ ቢዘጋ የሚጠየቀው፣ ከሁሉም ጎልቶ ደግሞ ሙሉ ዓመታዊ ዋጋው ይስፈር። ሙሉው የመክፈያ ሠንጠረዥ ከጀርባው ይታተም። ተበዳሪው ቅጹን ይዞ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ማሰቢያ ያግኝ፤ መያዣውን ካስመዘገበ በኋላ የሚሰጥ መረጃ አይጠቅመውም፣ ወጪውን አውጥቶ ጨርሷልና። በፍላት የሚያበድር ተቋም በማስታወቂያው ላይ በቀሪ ዕዳ የተመነዘረውን ቁጥር እኩል በሆነ ፊደል ጎን ለጎን ይጻፍ። ወለድ ሲጨምር ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ይነገር፣ አዲስ ሠንጠረዥ ይሰጥ፣ በጭማሪው ያልተስማማ ተበዳሪም በዚያው 30 ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት ከፍሎ ወይም ወደ ሌላ ባንክ አዛውሮ መውጣት ይፈቀድለት።

ስሌቱ ይከብዳል የሚል መልስ ከባንኮች ሊመጣ ይችላል። አይከብድም። በኤክሴል «ሬት» (RATE) በሚባለው ቀመር 36 ወር፣ የ36,152 ብር ክፍያ በመቀነስ ምልክት (-)፣ እጅ የገባው 965,000 ብር ሲገባ 1.7155 በመቶ ወርኃዊ ይመጣል፤ በ12 ሲባዛ 20.6 ይሆናል። የቅርንጫፍ ሠራተኛ በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው የትኛው ክፍያ ይካተት የሚለው ነው፤ ይህ ለባንኮች ከተተወ እያንዳንዱ የራሱን አውጥቶ ቁጥሩን ያሳንሳል። ስለዚህ ዝርዝሩን መሥሪያ ቤትዎ ይወስን፤ ያለዚያ ወጪ ብድሩ የማይለቀቅ ከሆነ፣ የሚከፈለው ለባንኩ ሆነ ለመድን ድርጅት ወይም ለመንግሥት፣ በስሌቱ ይካተት።

በመጨረሻም ባንኮች እነዚህን ቁጥሮች በየወሩ ለመሥሪያ ቤትዎ ሲያሳውቁ በባንክና በብድር ዓይነት ተለይተው በድረ ገጽዎ ይውጡ። እኛ ናሙና ቅጹንና የኤክሴል ሠንጠረዡን አዘጋጅተን ለሚመለከተው ክፍልዎ በነፃ ለመስጠት፣ ሲጠሩንም መጥተን ለማስረዳት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በአዳማ ከተማ የሚሠሩ የሒሳብና የብድር ሰነድ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ባንኮች ማኅበር
አዲስ አበባ