የአፈር ግንባታ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ?

«ጭቃ ማቡካትም ትምህርት ሆኖ ነው?» የሚለው ጥያቄ ዘንድሮም አልቀረልንም። ከትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ጀርባ በጭቃ ጡብ ያቆምነውን ግድግዳ ያየ መልሱን አግኝቶታልና ወደ ሥራው ልለፍ። ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመርጠዋል፤ ስብሰባውም እንደ ወትሮው ነበር።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ያለፈው አፈር በመፈተሽ ነው። የላይኛው ጥቁር አፈር ሥራሥርና ብስባሽ ስላለበት ተገፍፎ ይጣላል፤ ለግንባታ የሚሆነው ከሥሩ ያለው ነው። ተማሪዎቹ አፈሩን ከውኃ ጋር በጠርሙስ ውስጥ በደንብ ነቅንቀው ያስቀምጡታል። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይወስዳል፤ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በጠርሙሱ ውስጥ የተደራረቡት ንብርብሮች ውፍረት ሲለካ ሸክላው ከ15 እስከ 30 በመቶ ከሆነ ለጡብ ይስማማል። ሲበዛ ጡቡ ይሰነጠቃል፤ ሲያንስ ጠርዙ በእጅ ይፈረፈራል።

የመጀመሪያው ዙር ጡብ አብዛኛው ተሰነጠቀ። ሸክላው በዝቷል፤ በዚያ ላይ ጠራራ ፀሐይ ላይ ስለተሰጣ ፊቱ ከውስጡ ቀድሞ ደረቀ። በቀጣዩ ዙር አሸዋ ጨመርንበት፣ ጭዱን ከጭቃው ጋር አቡክተን ለቀናት አሳደርነው፣ ጡቡንም በጥላ አድርቀን ጠንከር ሲል በጎኑ አቆምነው። ያ ጡብ ከደረት ቁመት ቢጣል አይሰበርም።

ከዓመቱ ሥራ በልቤ የቀረው አሮጌ የጭቃ ቤት ለማየት የወጣንበት ቀን ነው። ባለቤቱ ቤቱ ይጠንክር ብለው ፊት ለፊቱን በሲሚንቶ አስለስነዋል፤ ጓሮው ግን በጭቃና በእበት እንደተለሰነ ነው። ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሲሚንቶውን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እያንኳኳች ወረደች። ከጉልበት በታች ስትደርስ ድምፁ ባዶ ሆነ። ባለቤቱን አስፈቅዳ የለቀቀውን ቅርፊት ብታነሣው ከኋላው ያለው ጭቃ ርሷል፤ ጣቷ ሰመጠ። ጓሮውን ዞራ ነካችው፤ ደረቅ ነው። «ውኃው መውጫ አጥቶ ነው» አለች። ልክ ነበረች፤ ከመሬት የሚሳበው እርጥበት በጭቃ ልስን በኩል ይተናል፣ ሲሚንቶ ግን ይዘጋበታል።

የኛን ግድግዳ የለሰነው ቡድን መሪ እሷ ሆነች። አንደኛው ልስን ጭድ የበዛበት ወፍራም ነው፤ እሱ ደርቆ ስንጥቁ ከወጣ በኋላ ውኃ ተረጭቶ የተነፋ አፈርና እበት ይደረብበታል።

አፈር በነጻ ነው ተብሎ ክበቡ በጀት አልተያዘለትም። እውነት ነው፣ አፈሩ በነጻ ነው፤ ግድግዳውን የሚያኖሩት የድንጋይ መሠረትና ጣሪያ ግን በነጻ አይገኙም። ከመሬት 40 ሴንቲሜትር ሊነሣ የታሰበው መሠረት ድንጋይ አልቆ 20 ላይ ቆሟል፤ የዝናብ ፍንጣሪ የሚመታው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ለሌላ ክበብ ድምፅ ማጉያ ሲገዛ አጨብጭበናል፤ ተራው ሲደርሰን እንዲጨበጨብልን እንጠብቃለን።

ክረምት ሳይገባ የሚያስፈልገን ድንጋይ፣ ከግድግዳው 60 ሴንቲሜትር ያህል ወጣ ለሚል ጣሪያ የሚበቃ ቆርቆሮና ባለ 5 ሚሊሜትር ወንፊት ነው። ያገለገለ ቆርቆሮ ያላችሁ ወላጆች ብትሰጡን ደስ ይለናል፤ የምስማሩ ቀዳዳ ጉብታው ላይ እንጂ ጎድጓዳው ላይ ያልሆነውን ብትመርጡልን።