ማኅበራችን በአባላቱ ስም ይደራደር

ክቡር አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ አነስተኛ የአማካሪ መሐንዲሶች ድርጅት አለኝ። ለሙያ ማኅበራችን በየዓመቱ መዋጮ እከፍላለሁ፤ የማገኘው አገልግሎት ግን ከሥልጠና ጥሪ እምብዛም አያልፍም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የመዋቅር ስሌት የምንሠራበት ሶፍትዌር ዓመታዊ ፈቃድ የሚከፈለው በዶላር ነው። ቀድመን የተዋዋልነው የዲዛይን ክፍያ ግን በብር እንደተቆረጠ ቀረ። ማስተካከያ የጠየቅነው አሠሪ «ውሉ የቋሚ ዋጋ ውል ነው» ብሎ በሩን ዘጋብን። ብቻውን የሚከራከር ትንሽ ድርጅት ሌላ ምን መልስ ያገኛል? በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ በሚዳኝ ጨረታ ደግሞ በመጀመሪያ የሚቀነሰው የአፈር ምርመራና የስሌት ፍተሻ ነው፤ ይህ የሕንፃው ነዋሪዎች ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ማኅበሩ ስለ ዋጋ ማስተካከያ በሁላችን ስም ይደራደር፤ በሙያ ስህተት ለሚደርስ ጉዳት ካሣ የሚከፍለውን የሙያ ኃላፊነት መድንም በጋራ ይግዛልን። ከሁሉ በፊት ግን የዘገዩ ክፍያዎችን መዝገብ ያደራጅ፦ ከፋዩ ማን ነው፣ ሥራውን መቼ ተረከበ፣ ክፍያው ስንት ወር ቆየ። ማስረጃ ሳይዙ ሚኒስቴር ደጅ መጥናት ትርፉ ድካም ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይህ አጀንዳ እንዲያዝ እጠይቃለሁ።

አንዲት ሲቪል መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ